የዝሆን ጥርስ ጌጥን ከአጥንትና ከፕላስቲክ ለይቶ ማወቂያ

በአሮጌ ዕቃ መሸጫ ወይም በቤተሰብ ሣጥን ውስጥ የሚገኝ ነጣ ያለ አምባር ወይም የከዘራ እጀታ ሁሉ «የዝሆን ጥርስ ነው» ይባልለታል። እውነቱን ለማወቅ ጥሩ ብርሃን፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽርና ትዕግሥት ይበቃሉ።

የዝሆን ጥርስ ከላይኛው መንጋጋ የሚወጣ የፊት ጥርስ ሲሆን፣ አብዛኛው አካሉ በዓይን በማይታዩ ቀጫጭን ቱቦዎች የተሞላ ዴንቲን (የጥርስ ዋናው ጠንካራ አካል) ነው። እነዚህ ቱቦዎች የሚፈጥሩት ጥልፍልፍ መስመር የሽሬገር መስመር ይባላል፤ ዋናው ምስክርም እርሱ ነው። መስመሩ የሚታየው ጥርሱ እንደ ግንድ በአግድም በተቆረጠበት ገጽ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ የአምባርን ጠፍጣፋ ጎን ወይም የቅርጽን መቀመጫ እንጂ የተወለወለውን ፊት አይመርምሩ። በቁመት በተቆረጠው ገጽ ላይ የሚታየው ለስለስ ያለ ሞገዳማ መስመር ነው።

አጥንት የደም ሥሮች ያልፉበት ስለነበር፣ ቢነጣም ቢወለወልም ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ወይም አጫጭር ጭረቶች ይቀሩበታል። የጉማሬ ጥርስ ጥልፍልፉ የለውም፤ ቀጫጭን ክብ መስመሮች ይታዩበታል። ሴሉሎይድንና ሌሎች ፕላስቲኮችን የሚያጋልጣቸው ከልክ ያለፈ ሥርዓታቸው ነው፦ መስመሮቻቸው እኩል የተራራቁ ናቸው፣ አንዳንዴም የቅርጽ ማውጫው መጋጠሚያ ይታያል። ለአዝራርና ለትንንሽ ጌጥ የሚውለው የዘንባባ ፍሬ ደግሞ ከመጠኑ ይታወቃል፤ ከአንድ ፍሬ ትልቅ ቅርጽ አይወጣምና።

በጨለማ ክፍል ውስጥ አልትራቫዮሌት መብራት ሲበራበት የዝሆን ጥርስ ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ያበራል፤ ብዙዎቹ ማስመሰያዎች ደብዛዛ ሰማያዊ ይሆናሉ። አጥንትም እንደ ጥርስ ስለሚያበራ ግን ይህ ፈተና ብቻውን አይበቃም። በጋለ መርፌ መውጋትን፣ ሻጮች ቢወዱትም፣ ፈጽሞ አልመክርም፤ አጥንትንም ጥርስንም ሳያቀልጥ ሁለቱንም ጠባሳ ያወጣባቸዋል፣ ሴሉሎይድ ከሆነም እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

በመጨረሻ የሚመጣው የጥንቱ የዝሆን ዘመድ የማሞዝ ጥያቄ ነው። ዓለም አቀፉ የዝሆን ጥርስ ንግድ ለመጥፋት የተጋለጡ የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይተስ ስምምነት መሠረት እ.ኤ.አ. በ1989 በተላለፈና በ1990 መጀመሪያ በጸና ውሳኔ የታገደ ሲሆን፣ ኢትዮጵያም በመጋቢት 2007 ዓ.ም. 6.1 ቶን የተከማቸ ጥርስ አዲስ አበባ ላይ አቃጥላለች። ከምድር የጠፋው ማሞዝ ግን በስምምነቱ ስላልተካተተ፣ አዲስ ጥርስን «የማሞዝ ነው» ብሎ መሸጥ የታወቀ ማታለያ ነው። ከጥርሱ ውጨኛ ጠርዝ አጠገብ የሽሬገር መስመሮች የሚገናኙበትን ማዕዘን ይለኩ፤ ከ115 ዲግሪ በላይ ከሆነ የዝሆን፣ ከ90 በታች ከሆነ የማሞዝ ነው። በመካከል የሚወድቅ ልኬት ሁለቱንም ሊሆን ስለሚችል፣ ቢያንስ አምስት ማዕዘኖች ለክተው አማካዩን ይውሰዱ፤ ያም ካልለየው ዕቃውን ከመግዛት ወይም ድንበር ከማሻገር በፊት ለዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያሳዩት።