ያገለገለ የሞተር ጀልባ ለምትገዙ

ጣና ላይ ለመሥራት ያገለገለ ጀልባ የምትገዙ ወገኖች፣ ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ እንዳይጠብቃችሁ አደራ! እንደደረሳችሁ ሽፋኑን በእጃችሁ ዳስሱት፤ ከሞቀ ሌላ ቀን ተመለሱ። የአሮጌ ሞተር ጉድ የሚታየው ቀዝቅዞ ሳለ ሲነሣ ነው።

ቀጥሎ ከታች ያለውን የማርሽ ዘይት ብሎን አላልታችሁ ጥቂት አፍስሱ። ወተት የመሰለ ዘይት ከወጣ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ሻጩ «ቀላል ነው» ቢላችሁም አትስሙት።

ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን የፈረስ ጉልበትም እንዳለ አትመኑ። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል፤ ባለ ካርቡሬተር (ነዳጅንና አየርን የሚቀላቅል ክፍል) ሞተር ደግሞ ይህን በራሱ አያስተካክልም። ስለዚህ ልትጭኑት ያሰባችሁትን ያህል ጭናችሁ ሐይቁ ላይ ሞክሩት። መለዋወጫው መገኘቱን ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ባሕር ዳር ያሉ የጀልባ መካኒኮችን ጠይቁ።