አንድ ጣውላ አራት ጎን ሲሆን፦ የታጠፈ ሳጥን አሠራር

ሳጥን ለመሥራት ስንት ጣውላ ያስፈልጋል? አናጢ ብትጠይቁ ለጎኖቹ አራት፣ ለታችና ለክዳን ሁለት ይላችኋል። ከደቡብ ምሥራቅ አላስካ እስከ ካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ባለው የባሕር ዳርቻ የሚኖሩት ሃይዳ፣ ትሊንጊትና ጺምሺያን የሚባሉ ነባር ሕዝቦች ግን አራቱንም ጎን ከአንድ ጣውላ ያወጣሉ። ጣውላው በእንፋሎት ይለሰልስና እንደ ካርቶን ይታጠፋል። የሚጋጠመው አንድ ማዕዘን ብቻ ነው።

ሳጥኑ ለነሱ ጓዳም ድስትም ነበር። ሳልሞን የሚባል ዓሣ አድርቀው፣ የዓሣ ዘይትም ያስቀምጡበት ነበር። ውሃ ሞልተው የጋለ ድንጋይ እየጨመሩ ያበስሉበት ነበር። ፖትላች በሚሉት ትልቅ ድግስ ላይም ቦታ ነበረው። ካናዳ ይህን ድግስ እ.ኤ.አ. ከ1885 እስከ 1951 በሕግ ከልክላ ነበር። ጥበቡ ግን አልጠፋም።

እኛ ትንሽ ሳጥን እንሞክር፤ 20 በ15 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱም 15።

መጀመሪያ እንጨት። እነሱ የሚጠቀሙት ቀይ ሴዳር ነው። ስሙ እንዳያሳስታችሁ፣ በእንግሊዝኛ እንዲሁ ሴዳር የሚባለው የመጽሐፍ ቅዱሱ የሊባኖስ ዝግባ አይደለም። እንዲያውም ለሐበሻ ጥድ ይቀርባል፤ ሁለቱም ከአንድ የዛፍ ቤተሰብ ናቸው። ቃጫው ቀጥ ያለ ስለሆነ ድሮ በመጋዝ ሳይሆን በሽብልቅ እየፈለጡ ጣውላ ያወጡበት ነበር። እናንተም ለስላሳ፣ ቃጫው ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለበት ጣውላ ፈልጉ። ጉጥ ካለው ሌላው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው።

ርዝመቱ 70፣ ስፋቱ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ይሁን። ቃጫው በርዝመቱ ይሂድ። ከአንዱ ጫፍ ተነስታችሁ 20፣ 35 እና 55 ሴንቲ ሜትር ላይ በስኳድራ (በማዕዘን መለኪያ) መስመር አስምሩ። ሦስቱ ማዕዘኖች እነዚህ ናቸው። ለአራተኛው፣ በመነሻው ጫፍ ውስጠኛ ፊት 12 ሚሊ ሜትር ስፋትና 6 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው እርከን በመሮ አውጡ። ሌላኛው ጫፍ እዚያ ስለሚገባ እሱን 6 ሚሊ ሜትር አሳጥሩት።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። በሦስቱ መስመሮች ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ የሆነ ቦይ ቆፍሩ። ቦዩ ሲታጠፍ እንዲዘጋ ሁለቱ ጎኖቹ እያንዳንዳቸው 45 ዲግሪ ያዘንብሉ። ከሥሩ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት ይቅር። ወፈር ካለ ይሰነጠቃል፣ ከሳሳ ይበጠሳል። የድሮዎቹ ባለሙያዎች ቦይ ከዚህ የረቀቀ ነው፤ ለጀማሪ ግን ይህ ይበቃል።

ጣውላውን ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድሩት። እነሱ ጉድጓድ ቆፍረው፣ የጋለ ድንጋይ ደርድረው፣ እርጥብ የባሕር አረም አልብሰው በእንፋሎት ይቀቅሉት ነበር። እናንተ በርሜል ተጠቀሙ። ከታች ጥቂት ውሃ አፍሉ፣ ጣውላውን ውሃው እንዳይነካው ከፍ አድርጋችሁ አቁሙት፣ ከላይ በጨርቅ ሸፍኑ። አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ።

ከወጣ በኋላ ጊዜ የለም። ወፍራም ጓንት አድርጉና አንድ ሰው ይርዳችሁ፤ እንጨቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ሳታስገድዱት፣ በአንድ ወጥ ግፊት፣ ቦይ በቦይ እጠፉት። ማዕዘኑ ልክ መሆኑን በስኳድራ እያያችሁ በገመድ አጥብቃችሁ እሰሩት። እስኪደርቅ ድረስ፣ ማለትም ጥቂት ቀን፣ አትንኩት። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ሳጥኑ ተመልሶ ይከፈትበታል።

ሲደርቅ አራተኛውን ማዕዘን በመሰርሰሪያ በስታችሁ በእንጨት ችንካር ግጠሙት። ስፕሩስ የሚባለውን ዛፍ ሥር እንደ ክር አድርገው የሚሰፉትም አሉ። ምስማር አትጠቀሙ፤ እርጥበት ሲያገኘው ዝጎ እንጨቱን ያበላሻል። የታችኛው ጣውላ ከሳጥኑ ትንሽ ይስፋ፤ ዙሪያውን እርከን አውጡለትና ሳጥኑ እላዩ ላይ ይቀመጥ፣ በችንካርም ይያያዝ። ክዳኑ ቀላል ነው።

ለማለስለስ እነሱ የትናንሽ ሻርክ ቆዳ ነበራቸው፤ ለእኛ የብርጭቆ ወረቀት አለ። በጥቁርና በቀይ የሚሳሉትን የቁራና የተኩላ ምልክቶች ግን ባትገለብጡ ይሻላል። ብዙዎቹ የቤተሰብና የዘር ንብረት ናቸው። ባዶውን ተዉት፣ የእንጨቱ መልክ ራሱ ያምራል።

ሳጥኑ ውሃ ስትሞሉት ቢያንጠባጥብ አትደንግጡ፤ እንጨት ሲረጥብ ያብጣልና ስንጥቁ ይጠብብ ይሆናል። በጋለ ድንጋይ ማብሰል ካማራችሁ ደግሞ ድንጋዩን ከወንዝ አታምጡ። ውስጡ እርጥበት የያዘ ድንጋይ እሳት ላይ ይፈነዳል።