56 ኪሎ ከ700 ግራም፦ የትንንሾቹን ፍልሚያ እንዴት እንጻፈው?

ስለ ከባድ ሚዛን መጻፍ ብዙ አያስቸግርም። ሁለት ግዙፍ ሰዎች ይገባሉ፣ አንዱ ያቀምሳል፣ ሌላው ይዘረራል፣ አበቃ። የትንንሾቹ ግን ሌላ ጣጣ ነው። በአንድ የአምስት ደቂቃ ዙር ውስጥ ሰውየው ይጣላል፣ ይነሳል፣ ጀርባውን ሰጥቶ ይታነቃል፣ ፈልቅቆ ይወጣል፣ ዞሮ ራሱ ይጥላል፣ ከዚያ ሁለቱም ቆመው ምንም እንዳልተፈጠረ ቡጢ ይለዋወጣሉ፤ እናንተ ገና የመጀመሪያውን አወዳደቅ እየጻፋችሁ ነው። ኤምኤምኤን፣ ማለትም ቡጢ፣ ካልቾና ትግል የተቀላቀለበትን ፍልሚያ፣ በአማርኛ ለመጻፍ የሚሞክር ካለ፣ እኔ የምሠራበትን መንገድ ላካፍል።

ትንንሾቹ ስል በዩኤፍሲ፣ በትልቁ የኤምኤምኤ ድርጅት፣ የሚዛን አከፋፈል ሦስቱን ነው። ስትሮዌይት 115 ፓውንድ፣ ፍላይዌይት 125፣ ባንተምዌይት 135። በኪሎ 52፣ 56.7 እና 61 ገደማ ማለት ነው። ስትሮዌይት እዚያ የሴቶች ብቻ ነው። አንባቢያችሁ በኪሎ ነው የሚያስበው፣ ስለዚህ ፓውንዱን ከጻፋችሁ ኪሎውን አስከትሉለት።

እኔ የምሄድበት አንድ ሐሳብ ነው። ቅድመ ዳሰሳው አንድ ጥያቄ ያነሳል፣ ዘገባው ያንኑ ጥያቄ ይመልሳል። ብዙ ሰው ግን ሁለቱን የማይተዋወቁ ጽሑፎች ያደርጋቸዋል። ዓርብ ስለ ቁመትና ስለ ክንድ ርዝመት ይጽፋል፣ እሑድ ስለ ደም።

«ማን ያሸንፋል?» ጥያቄ አይደለም፣ እሱ ቁማር ነው። ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። ነሐሴ 2018 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሎስ አንጀለስ ላይ ዴሜትሪየስ ጆንሰንና ሄንሪ ሴሁዶ ለሁለተኛ ጊዜ ሊገናኙ ነው። ጆንሰን ከ2012 ጀምሮ የፍላይዌይት ሻምፒዮን ነው፣ ቀበቶውን 11 ጊዜ በተከታታይ አስጠብቋል። ሴሁዶን ደግሞ በ2016 ሦስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ጨርሶታል። መዝገቡን ብቻ ያየ ሰው ያው ነው የሚደገመው ብሎ ጽፎ ይተኛል። ነገር ግን ሴሁዶ በ2008 ቤጂንግ ላይ በነፃ ትግል 55 ኪሎ የኦሊምፒክ ወርቅ የወሰደ ሰው ነው። የመጀመሪያው ፍልሚያ ያለቀው ተቃቅፈው ሳሉ በተመታው ጉልበት ነው፣ ትግሉ ገና በደንብ ሳይታይ ማለት ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ሴሁዶ ከዚያ እቅፍ ከዳነ፣ አምስት ዙር ሙሉ እየጣለ ነጥብ መሰብሰብ ይችላል ወይ?» ነበር። ቻለ። በተከፈለ ድምፅ (ሁለት ዳኞች ለእሱ፣ አንዱ ለጆንሰን) ቀበቶውን ወሰደ። እስከ ዛሬ ጆንሰን ነው ያሸነፈው የሚል ሰው አታጡም፣ ይኼ ሌላ ጉዳይ ነው። ጥያቄው ግን ጥሩ ስለነበረ በየትኛውም ውጤት ዘገባው ራሱን ይጽፋል።

ጥያቄውን ለማግኘት የእያንዳንዳቸውን ሦስት ፍልሚያ እዩ። የመጨረሻውን፣ የመጨረሻ የተሸነፈበትን፣ እና እስከ መጨረሻው ዙር የሄደበትን። የሚያማምሩ ቅንጭብ ቪዲዮዎችን ተዉአቸው፣ እነሱ ላይ ሁሉም ሰው ጀግና ነው። ድምፁን አጥፉት፣ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሱት። የምትፈልጉት ነገር የተሳካለትን አይደለም፣ ሳይሳካለት ሲቀር ወዲያው የሚያደርገውን ነው። ሊጥል ገብቶ ሲከሽፍበት ወደ ኋላ ይሸሻል? የመፋለሚያው አጥር ላይ አስደግፎ ይቀጥላል? ወይስ በዚያው ክርን ያሳርፋል? ትልልቆቹ ዘንድ አንድ ሙከራ ከከሸፈ ሁለቱም ትንፋሽ ይሰበስባሉ። ትንንሾቹ ዘንድ ግን የመጀመሪያው ሙከራ ለሦስተኛው መንገድ መጥረጊያ ነው።

ከዚያ ሚዛኑ አለ። ሚዛኑ ሳይለካ የተጻፈ ቅድመ ዳሰሳ ግማሽ ነው። ላስ ቬጋስ ዓርብ ጠዋት ሲመዘኑ እኛ ጋ ዓርብ ማታ ነው፣ ስለዚህ ጽሑፉን አዘጋጁና እስከዚያ ያዙት። ደንቡ ቀላል ነው። ፍላይዌይት ላይ የቀበቶ ፍልሚያ ከሆነ ልክ 125 ፓውንድ ወይም ከዚያ በታች፣ ካልሆነ አንድ ፓውንድ ይቅርታ አለ። ከገደቡ በላይ የመዘነ ሰው ከክፍያው ላይ ይቀጣል፣ ቀበቶም ካለ ሊወስድ አይችልም።

የካቲት 2020 ላይ ጆሴፍ ቤናቪዴዝና ዴይቬሶን ፊጌሬዶ ለባዶው የፍላይዌይት ቀበቶ ተቀጣጠሩ። ዳሰሳው ሁሉ «ነገ አዲስ ሻምፒዮን ይኖራል» ነበር። ፊጌሬዶ ሚዛን ላይ ወጣ፣ 127.5 አነበበ። አንድ ኪሎ ከምናምን። በዚያች አንድ ኪሎ ምክንያት ቀበቶውን መውሰድ የሚችለው ቤናቪዴዝ ብቻ ሆነ። ፊጌሬዶ ግን በሁለተኛው ዙር ቤናቪዴዝን ጨረሰው፣ ቀበቶውም ባለቤት ሳያገኝ አደረ። ሐሙስ ጽፎ ለጥፎ የተኛ ሰው አስቡት። እኔ ነኝ።

ክብደት ቅነሳው ራሱ እዚህ ከብዶ ይታያል። ከባድ ሚዛን ውስጥ ጣሪያው 120 ኪሎ ነው፣ ብዙዎቹ ምንም መቀነስ አያስፈልጋቸውም። ስልሳ ኪሎ ሰው አራት ኪሎ ውኃ ከሰውነቱ ሲያወጣ ግን ምን ይተርፈዋል? ሚዛን ላይ ሲወጣ ጉንጩን፣ ከንፈሩን፣ አወራረዱን እዩ። ይኼን ጻፉ፣ ግን «ስለዚህ ይሸነፋል» ብላችሁ አትፍረዱ፣ ሞተ የተባለ ሰው በማግስቱ ሲሮጥ ታይቷል።

ግምታችሁን በመጨረሻ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ፣ መንገዱንም ጨምሩ። ስለ ፍላይዌይቱ አሌሻንድሬ ፓንቶዣ ስትጽፉ «ፓንቶዣ ያሸንፋል» ብቻ አይበቃም፣ «ፓንቶዣ ከሦስተኛው ዙር በኋላ ጀርባ ይዞ ያንቃል» በሉ። ስትሳሳቱ በምን እንደተሳሳታችሁ የሚታወቀው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ዘገባው። እሑድ ሊነጋጋ ሲል ነው የሚጀምረው፣ ቡና ይፈላል፣ ደብተር ይከፈታል። ስልክ ላይ አትጻፉ፣ አንገታችሁን ስታቀረቅሩ ያልፋችኋል። ዓይኔ ከስክሪኑ ሳይነሳ የምጭራቸው ፊደሎች አሉኝ። «ጣ» ጣለ፣ «ተ» ተነሳ፣ «ማ» ማነቂያ ሞከረ፣ «ቡ» ከባድ ቡጢ፣ ከጎኑ ሰዓቱ። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ ስክሪኑ ላይ ያለው ሰዓት ወደ ታች ይቆጥራል፣ ይፋዊው ውጤት ግን ያለፈውን ጊዜ ነው የሚናገረው። በ2015 ጆንሰን ኪዮጂ ሆሪጉቺን ክንድ ቆልምሞ እጅ ያሰጠው በአምስተኛው ዙር 4፡59 ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ የቀረው አንድ ሰከንድ ነበር። ይኼን የገለበጠ ሰው ፍልሚያው እንደተጀመረ አለቀ ብሎ ይጽፋል።

ደወሉ ሲደወል፣ ድጋሚ ምስሉ ሳይመጣ፣ ነጥባችሁን ስጡ። 10 ለ 9 ለማን? (የዙሩ አሸናፊ 10፣ ተሸናፊው አብዛኛውን ጊዜ 9 ያገኛል፣ መጨረሻ ላይ ይደመራል።) ዳኞቹ ሦስት ናቸው፣ መጀመሪያ የሚያዩት ጉዳት ያደረሰውን ምትና ውጤት ያመጣውን ትግል ነው። ወደ ፊት መግፋትና ሜዳውን መቆጣጠር የሚመጡት ያ እኩል ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ «ሲያሳድደው ነበር» ብቻውን ክርክር አይሆንም። ሰውን መሬት ላይ ይዞ መቀመጥም እንደዚያው። ፊትም ያታልላል። ዣንግ ዌሊና ዮአና የንጄይቺክ በመጋቢት 2020 ያደረጉትን እዩ፣ ለእኔ ከሴቶቹ ሁሉ ምርጡ ፍልሚያ ነው። የዮአና ግንባር አብጦ አብጦ መልኳ እስኪጠፋ ደረሰ። ፊቷን ብቻ ያየ ሰው አንድ ወገን ያለቀ ነገር ይመስለዋል፤ ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ግን አሸናፊዋ ዮአና ናት ብሏል። ሁለቱ ለዣንግ፣ 48 ለ 47።

ቁጥሮችንም በልክ። «ወሳኝ ምት» ተብሎ የሚቆጠረው ነገር ስሙ እንደሚያስፈራው አይደለም፤ ከርቀት የተሰነዘረች ቀላል ቡጢም ካረፈች ትቆጠራለች። 80 ለ 60 ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ከስድሳዎቹ ውስጥ ሰውየውን ያንገዳገዱት ስንት ነበሩ በሉ።

አጻጻፉ ላይ፣ ውጤቱን መጀመሪያ አስቀምጡ፣ ከዚያ በቀጥታ መቀየሪያዋን፣ ፍልሚያው የዞረባትን ቅጽበት፣ ፈልጉ። ዙር በዙር ከአንድ እስከ አምስት መተረክ ያሰለቻል፣ አንባቢው በሁለተኛው ዙር ይጠፋል። መቀየሪያዋ ሁልጊዜ ቡጢ አይደለችም። ፊጌሬዶና ብራንደን ሞሬኖ ታኅሣሥ 2020 ላይ ሲጋጠሙ (ሁለቱም ከሃያ አንድ ቀን በፊት ሌላ ፍልሚያ አሸንፈው ነው የመጡት፣ ይኼ ራሱ ለቅድመ ዳሰሳ ወርቅ ነው) አምስት ዙር ተጋድለው በዳኞች አብላጫ አቻ ወጡ። ሁለት ዳኞች 47 ለ 47፣ አንዱ 47 ለ 46 ለፊጌሬዶ። መቀየሪያዋ የት ናት? ሦስተኛው ዙር ላይ ፊጌሬዶ ብሽሽት ላይ ባሳረፈው ካልቾ አንድ ነጥብ ተቀነሰበት። ያቺ ነጥብ ባትቀነስ በሦስቱም ካርድ አሸናፊ ነበር። ዘገባው ከዚያ ነው መጀመር ያለበት። ያች ካልቾ ባትኖር ከዚያ በኋላ የመጡት ሦስት ፍልሚያዎች መልካቸው ሌላ ይሆን ነበር፤ እንደሚታወቀው አራት ጊዜ ነው የተገናኙት።

አንዳንዴ ደግሞ መቀየሪያዋ ውሳኔ ናት። ግንቦት 2024 ሪዮ ላይ ብዙ ያልተጠበቀው አውስትራሊያዊ ስቲቭ ኤርሴግ አሌሻንድሬ ፓንቶዣን እስከ መጨረሻው ዙር ተናንቆት ደረሰ። ቆሞ ጥሩ እየሄደለት እያለ በአምስተኛው ዙር ራሱ ሊጥል ገባ። ከፓንቶዣ ጋር! ጀርባ ይዞ በማነቅ ከሚታወቅ ሰው ጋር መሬት ወረደ፣ ዙሩም ሄደ፣ ሦስቱም ዳኞች ለፓንቶዣ ሰጡ፣ ሁለቱ 48 ለ 47 ብቻ። እኔ ያኔ ሶፋው ላይ ጮኼ ነው ቤተሰቡን የቀሰቀስኩት።

ቃላቱን በተመለከተ፣ ከቦክስ የወረስነው አለን፣ ተጠቀሙበት። በዝረራ፣ በነጥብ፣ በሙሉ ድምፅ፣ በተከፈለ ድምፅ። አንቆ ወይም ቆልምሞ ሲያሸንፍ «እጅ አሰጠው» በሉ፣ ከዚህ የተሻለ ቃል ሌላም ቋንቋ ያለው አይመስለኝም። ጣለው፣ ጠለፈው፣ አነቀው፣ ፈልቅቆ ወጣ፣ እነዚህን ገጠር ትግል ያየ ሁሉ ያውቃቸዋል። እንግሊዝኛውን ቃል የምታስገቡት ሌላ ከሌለ ብቻ ነው። በ2017 ጆንሰን ሬይ ቦርግን ያሸነፈበትን ለመጻፍ ሞክሩ፣ ጥሩ ልምምድ ነው። ከኋላ አቀፈው። አነሳው። ወረወረው። ቦርግ ገና መሬት ሳይነካ ክንዱ ተይዟል። ለእያንዳንዱ አንድ ግሥ፣ አንድ አራት ነጥብ። «እጅግ አስደናቂ በሆነና ማንም ባልጠበቀው ሁኔታ» ካላችሁ ሰውየው አየር ላይ ይቀራል።

ፍልሚያው ካሰለቸ አሰለቸ በሉ። ግንቦት 2022 ካርላ ኤስፓርዛና ሮዝ ናማጁናስ ሃያ አምስት ደቂቃ ተያይተው ተለያዩ፣ ቀበቶም እጅ ለወጠ፣ ተመልካቹም ጮኸባቸው። እንዲህ ያለውን በአጭሩ ጻፉና ለምን እንዳልተነካኩ ንገሩን። አንዷ የሌላዋን ስህተት እየጠበቁ ነበር፣ ስህተቱ ሳይመጣ ሰዓቱ አለቀ።

ዘገባው ከወጣ በኋላም አያልቅም። ጥር 2019 የባንተምዌይቱ ሻምፒዮን ቲ.ጄ. ዲላሾ ወደ 125 ወርዶ በ32 ሰከንድ በሴሁዶ ተሸነፈ። በኋላ ኢፒኦ የሚባለው የተከለከለ ንጥረ ነገር ተገኘበት፣ ሁለት ዓመት ታገደ። እንዲህ ሲመጣ የድሮውን ጽሑፍ አትደምስሱት፣ ቀኑን ጽፋችሁ ከታች ጨምሩበት።

ርዕስ ላይ ደግሞ ውጤት አታውጡ። ሌሊቱን ተኝቶ እሑድ ከሰዓት ሊያይ ያስቀመጠ ሰው አለ። እኔ አንዴ አሸናፊውን በርዕስ አውጥቼ ታናሽ ወንድሜ ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረኝም።