ቦንድ ከመግዛታችሁ በፊት ኩባንያው ቀድሞ ሊዘጋው የሚችልበትን ቀን እዩ

አሜሪካ ውስጥ በብሮከር አካውንታችሁ የኩባንያ ቦንድ፣ ማለትም ለኩባንያው ገንዘብ የምታበድሩበትን የዕዳ ሰነድ፣ የምትገዙ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቦንዱ "ኮለብል" ከሆነ፣ ማለትም ኩባንያው ዕዳውን ከጊዜው በፊት ከፍሎ የመዝጋት መብት ካለው፣ እስከ ማብቂያው ቀን የተሰላውን ትርፍ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ።

በቁጥር እንየው። የ1,000 ዶላር ቦንድ በዓመት 6 በመቶ ይከፍላል፤ በየስድስት ወሩ 30 ዶላር ማለት ነው። 10 ዓመት ቀርቶታል፣ የገበያ ዋጋው 1,060 ዶላር ነው። እስከ መጨረሻው ከቆየ በዓመት 5.2 በመቶ ገደማ ያስገኛል። ኩባንያው ግን ከ2 ዓመት በኋላ በ1,000 ዶላር ቢዘጋውስ? 120 ዶላር ወለድ ትቀበላላችሁ፣ ከዋናው ግን 60 ዶላር ይጎድልባችኋል፤ ትርፉ ወደ 2.9 በመቶ ይወርዳል። የሚዘጋውም ብዙ ጊዜ የገበያው ወለድ ሲቀንስ ነው፤ ስለዚህ የተመለሰላችሁን ገንዘብ በዚያው ዝቅ ባለ ወለድ ልታስቀምጡት ነው።

ኤክሴል ላይ ትርፉን በመቶኛ የሚያሰላውን "ዪልድ" (YIELD) የሚባለውን ፎርሙላ ሁለት ጊዜ ሥሩ። መጀመሪያ እንዳለ፤ ቀጥሎ በማብቂያው ቀን ቦታ ቀድሞ የሚዘጋበትን ቀን፣ በመመለሻው (redemption) ቦታ ደግሞ የመዝጊያውን ዋጋ አስገቡ። ዋጋ የሚገባው ከ100 ታስቦ ነው፤ 1,060 ዶላሩ 106 ይሆናል። ቀኖቹ ብዙ ከሆኑ ለእያንዳንዱ ሥሩና ዝቅተኛውን ያዙ። ብሮከሮች "ዪልድ ቱ ዎርስት" የሚሉት እሱን ነው።

በቦንዱ መግለጫ ላይ "ሜክ ሆል" የሚል ካያችሁ ግን አያስደንግጣችሁ፤ እዚያ ኩባንያው ቀድሞ ሲዘጋ የቀሩትን ክፍያዎች የዛሬ ዋጋ አስልቶ ነው የሚከፍለው።