ልባችሁ የወደደውን የትራክ መኪና እንዴት ትመርጣላችሁ?

የትራክ መኪና ሥራ የማትመላለሱበት፣ ዝግ ትራክ (የመኪና መሽቀዳደሚያ ሜዳ) ላይ ለደስታ ብቻ የምትነዱት መኪና ነው። ውድድር መግባት አይጠበቅባችሁም። ብዙ ትራኮች የራሳችሁን መኪና ይዛችሁ፣ ከፍላችሁ የምትነዱበት ቀን አላቸው። ዋሽንግተን አካባቢ ላላችሁ ዌስት ቨርጂኒያ ያለው ሰሚት ፖይንት ቅርብ ነው። አቡዳቢ ላላችሁ ደግሞ ፎርሙላ ዋን የሚካሄድበት ያስ ማሪና አለ።

ስንት ሰው ይጭናል? ነዳጅ ይቆጥባል? ስሸጠው ያዋጣኛል? እነዚህን ጥያቄዎች ለቪትዝ ተዉአቸው። የትራክ መኪና ጎማ ይበላል፣ የፍሬን ሸራ ይጨርሳል፣ ቅዳሜያችሁንም ይወስዳል። እጃችሁ ግሪስ በግሪስ ሆኖ ከሥሩ የምትተኙለት ከወደዳችሁት ብቻ ነው። ያልወደዳችሁትን "አዋጪ" መኪና ሁለት ጊዜ ትነዱትና ሸራ ለብሶ ይቀመጣል። ስለዚህ እዚህ ላይ ልብን ማስቀደም ቅብጠት አይደለም።

መጀመሪያ፣ ዋጋ ሳታዩ ምን እንደሚያስደስታችሁ ለዩ። የሞተር ድምፅ ከሆነ ሆንዳ ኤስ2000 አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ሲወጣ ሞተሩ በደቂቃ ወደ 9,000 ዙር ይደርስ ነበር። ጣሪያ ከፍቶ ኩርባ ላይ መጫወት ከሆነ ማዝዳ ሚያታን ሞክሩ። መኪናው ሸርተት ሲል ደስ የሚላችሁ ከሆነ ደግሞ ቶዮታ 86 አለላችሁ። በ2012 ለገበያ ሲቀርብ መሐንዲሶቹ ሆን ብለው መንገድ አጥብቆ የማይዝ ጎማ ነበር የገጠሙለት፤ ነዳጅ ቆጣቢው ፕሪየስ ላይ የሚገጠመውን ዓይነት። ብዙ ሳይፈጥን እንዲንሸራተት ፈልገው ነው። ለደስታ ሲሉ ፍጥነትን የተዉ ሰዎች የሠሩት መኪና አንጀቴን ይበላዋል።

ቀጥሎ ከጉልበት ይልቅ ክብደትን ተመልከቱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። በ1989 የወጣችው የመጀመሪያዋ ሚያታ ወደ 1,000 ኪሎ ትመዝናለች፤ ጉልበቷም ወደ 115 ፈረስ ነው። ወረቀት ላይ ስታዩት ምንም አይደለም። ትራክ ላይ ግን ነዳጁን እስከ ጥግ ረግጣችሁ ትነዷታላችሁ። 500 የፈረስ ጉልበት የያዘ ጀማሪ ግማሹን እንኳ ሳይጠቀም ፈርቶ ይውላል። ቀላል መኪና ፍሬንና ጎማም ቶሎ አይጨርስም። ሎተስ ኤሊስ ደግሞ በ1996 ሲወጣ ከ750 ኪሎ በታች ነበር። ለመግባት ወገብ ማጠፍ ይጠይቃል፣ ዕቃ አይይዝም፣ ጣሪያውም ሸራ ነው። ከተቀመጣችሁ በኋላ ግን የአስፋልቱን ሸካራነት በመሪው በኩል በጣታችሁ ታውቁታላችሁ።

ሳትነዱ አትግዙ። ካምቢዮው ማንዋል ቢሆን ይሻላል። ደግሞም ሄልሜት ይዛችሁ ሂዱና አድርጋችሁት ተቀመጡ፤ ጭንቅላታችሁ ጣሪያውን ከነካ ያ መኪና የእናንተ አይደለም።

ሞዴሉን ልብ ከመረጠ በኋላ መኪናውን ራሱን መካኒክ ይመርምረው። በክሪክ አስነሥታችሁ ከበሩ ሥር ያለውን ላሜራ እዩ፤ አሮጌ ሚያታዎች እዚያ ይዝጋሉ። ራዲያተሩንና የውሃ ቱቦዎቹን ፈትሹ፣ ምክንያቱም ትራክ ላይ ሞተር የሚያቃጥለው ሙቀት ነው። ጣሪያው የሚከፈት ከሆነ ብዙ አዘጋጆች ከመቀመጫው ጀርባ የመገልበጥ መከላከያ ብረት ካልተገጠመለት አያስገቡም።

ገንዘባችሁን በሙሉ መኪናው ላይ አትጨርሱ። እኔ ብሆን ሲሶውን ለጎማ፣ ለፍሬን ሸራ፣ ለሄልሜትና ለትራክ ክፍያ አስቀምጣለሁ። መደበኛ ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ትራክ ላይ የደረሰን ጉዳት አይሸፍንም። ቢጋጭ ቤታችሁን የማያናጋ ዋጋ ያለውን ግዙ።

ጉልበት መጨመሪያ ዕቃ ለጊዜው ይቅር። ከመጀመሪያው ቀን በፊት የፍሬን ዘይቱን ቀይሩ። አሮጌ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ፍሬን ደጋግማችሁ ስትይዙ ሲግል እርጥበቱ ይፈላና ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል። በዋዜማው መጠባበቂያ ጎማውንና ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ አውጡ፣ የጎማ ቡሎኖቹን አጥብቁ፣ ነዳጅ ሙሉ። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ከአሠልጣኝ ጋር በዝግታ ዙሩ።