የተምታቱ የፊልም ሆልደሮችን እንዴት እንደለየሁ

በጅማ፣ ጅሬን ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት በ4 በ5 ኢንች ካሜራ ሳነሣ፣ አንዳንዱ ፊልም ሁለት ምስል ተደራርቦበት፣ ሌላው ባዶውን ታጥቦ ይወጣ ነበር። በሆልደሮቹ (በሁለቱም ጎናቸው አንድ አንድ ቅጠል ፊልም በሚይዙት ጠፍጣፋ መያዣዎች) ላይ የለጠፍኋቸው የወረቀት ቁጥሮች በክረምቱ እርጥበት ተላቀቁ፤ በማርከር የጻፍሁትም ተፋቀ። ደብተር መያዙም አልበቃም፤ የታጠበው ፊልም ከየትኛው ሆልደር እንደወጣ የሚያሳይ ምልክት አልነበረውምና።

የሠራው ዘዴ፣ የፊልሙን ጠርዝ በሚሸፍነው የሆልደሩ ከንፈር ላይ፣ ለእያንዳንዱ ጎን ብዛታቸው የሚለያይ ትናንሽ ክፍተቶችን በቀጭን ሞረድ ማውጣት ነው፤ ፎቶ ሲነሣ ብርሃን በክፍተቶቹ ስለሚገባ፣ ምልክቱ በኔጋቲቩ ጠርዝ ላይ ጠቁሮ ይታያል። ብናኙን በብሩሽ በሚገባ ማራገፍ ያስፈልጋል፤ ይህን ቸል ማለት ፊልም ያስከፍላል። መደራረቡ የቀረው ደግሞ፣ የዳርክ ስላይዱን (በሆልደሩ ውስጥ ፊልሙን ከብርሃን የሚጋርደው ተንሸራታች ሽፋን) ነጭ ጎን ላልተነሣ፣ ጥቁሩን ለተነሣ ፊልም ብቻ ወደ ውጭ ማድረግን ሳላዛንፍ ስጠብቅ ነው።