የደጋ ቀርከሃ በግቢ ዳር እንዴት ይተከላል?

ግቢያችሁ ደጋ ላይ ከሆነና ዳር ዳሩ ባዶ ከሆነ ቀርከሃ ትከሉበት። እንጅባራና ጨንቻ አካባቢ ብዙ ሰው ከጓሮው አያጣውም። አጥሩንም፣ መሰላሉንም፣ ቅርጫቱንም ከዚያው ይሠራል። የማወራው ስለ ደጋው፣ ውስጡ ክፍት ስለሆነው ቀርከሃ ነው። የቆላው ሽመል አያያዙ ሌላ ነው።

መጀመሪያ ቦታ ምረጡ። ቀርከሃ አፈር ውስጥ አግድም በሚሄድ ግንድ ስለሚስፋፋ ከቤት መሠረትና ከጎረቤት አጥር 5 ሜትር ያህል አርቁት። ቦታው ከጠበበ ዙሪያውን 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሩና ክፍቱን ተዉት። በየዓመቱ ቦዩን ሊሻገር ብቅ ያለውን በመጥረቢያ ቁረጡ። ለዚህ ጊዜ ከሌላችሁ ባትተክሉት ይሻላል፤ ከጎረቤት ያጣላችኋል።

ለተከላ የ1 ወይም የ2 ዓመት እናት ቀርከሃ ፈልጉ። አንጓው ሥር ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር አለው፤ በጣት ሲነካ ይለቃል። ከነሥሩና ከነመሬት ውስጥ ግንዱ፣ ቡቃያ የሚወጣባቸውን ዓይኖቹን ሳትሰብሩ አውጡት። ላዩን ከ3 እስከ 5 አንጓ አስቀርታችሁ ቁረጡ። ሥሩ ፀሐይ እንዳይመታው በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሉት።

ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሲይዝ፣ ብስባሽ ከአፈር ቀላቅላችሁ በቀድሞው ጥልቀቱ ትከሉት። ጠቅጥቁት፣ ገለባ አልብሱት። በጋውን ውኃ አታሳጡት።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ከዚህ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ቡቃያ እርሳስ አክሎ ይወጣል። ቀርከሃ እንደ ባሕር ዛፍ ዓመት በዓመት አይወፍርም፤ ከመሬት ሲወጣ በያዘው ውፍረት ነው የሚኖረው። ቁመቱንም በጥቂት ወራት ይጨርሳል። የሚቀጥለው ዓመት ቡቃያ የሚወፍረው የቆሙት ቅጠሎች ምግብ ሲያጠራቅሙለት ነው። እነዚያን ቀጫጭኖች ከቆረጣችሁ የሚመጣውን ወፍራም ገደላችሁት ማለት ነው። እባካችሁ ታገሡት። ከብት ቡቃያውን እንዳይግጠው አጥሩለት፤ የረገፈውን ቅጠልም አትጥረጉ፣ ማዳበሪያው እሱ ነው።

አዲስ በወጣው ሁሉ ላይ ዓመተ ምሕረቱን በቀለም ጻፉበት። 3 ዓመት የሞላውን ብቻ፣ በበጋ ቁረጡ። መጋዙን ከመሬት በላይ ካለው የመጀመሪያ አንጓ ትንሽ ብቻ ከፍ አድርጋችሁ አሳርፉት። ረዘም ያለ ጉቶ ከቀረ ዝናብ ይጠራቀምበትና ይበሰብሳል።